የጀናቡ መኪና ሬዲዮ

እሱባለው ፈሪ ነው። ይህን የምጽፈው ላሳጣው ብዬ አይደለም፤ ሲጠይቁት እሱም አይክድም። ጁባ ከተማ፣ ሸሪካት ሰፈር መንገድ ዳር ባለችው ኮንቴይነሩ የመኪና ኤሌክትሪክ መሥራት ከጀመረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ባትሪውን ሳያይ ሽቦ ነክቶ አያውቅም። መጀመሪያ ኮፈኑን ያነሳል፤ ባትሪውን ያያል፤ ገመዶቹን የሚገቡበት ድረስ በጣቱ ይከተላል። ከዚያ «በኢየሱስ ስም» ይልና ይጀምራል። ጎረቤቱ ጎሚስታው እንድሪያስ፣ «አንተ መኪና ነው የምትሠራው ወይስ ቦምብ ነው የምታከሽፈው?» እያለ ይስቅበታል።

ከተማዋ ውስጥ በጁላይ ውጊያ በተነሳ ጊዜ እሱባለውና ሚስቱ የኔነሽ ሦስት ቀን ሙሉ ኮንቴይነሯ ውስጥ መሬት ላይ ተኝተው ነው ያሳለፉት። አንዲት ጥይት ከበላያቸው ግድግዳውን በስታ ወጣች። ቀዳዳዋን እስከ ዛሬ አልደፈናትም። ጠዋት ጠዋት አንድ ጨረር በእሷ ገብታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ታርፋለች። ለምን አትደፍናትም ስለው፣ «ሳያት እጠነቀቃለሁ» አለኝ።

የምነግራችሁ ነገር የጀመረው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ታርጋ የሌለው ፒክአፕ ኮንቴይነሯ በር ላይ ቆመና የወታደር ልብስ የለበሰ ረጅም ሰው ወረደ። ስሙ ፒትያ እንደሆነ እሱባለው ያወቀው ኋላ ነው።

«የመኪና ካህረባ የሚሠራው ሀበሻ አንተ ነህ?» አለው በጁባ ዓረብኛ፤ ካህረባ ኤሌክትሪክ ነው።

እሱባለው አዎ ከማለቱ በፊት የሁለት ሳምንት ደንበኞቹን በሐሳቡ አንድ በአንድ አሳለፈ። የማን መብራት ጠፋ? ማን ተቀየመኝ?

«ጀናቡ ይፈልግሃል። ያላ!»

ጁባ ውስጥ ጀናቡ የሚባለው ባለ ማዕረግ መኮንን ነው። የትኛው ጀናቡ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሱባለው የመሣሪያ ቦርሳውን ብድግ አድርጎ ወጣ። እንድሪያስ ጎማ እያላቀቀ ቀና ብሎ አየው፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቀም። ፒክአፑ የወንዙን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ እሱባለው ቦርሳውን ሲዳብስ ቮልት የሚለካበት ሜትሩ የለም። ጠረጴዛው ላይ፣ ጨረሯ የምታርፍበት ቦታ ላይ ትቶት መጥቷል። መልሱኝ ሊል አፉን ከፈተና የፒትያን ጠመንጃ አይቶ ዘጋው።

የወሰዱት ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ ግንቡ ከፍ ያለ ግቢ ነው። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ዞሮ አየው። ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች፣ ወንበር የሚደረድሩ ሴቶች አየና ትንሽ ተነፈሰ። ሠርግ የሚደገስበት ግቢ ሰው አይገረፍበትም ብሎ አሰበ።

ጀናቡ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ነጭ ሸሚዝና ሸበጥ ያደረገ ሰው ነበር።

«ጓድ፣ እንደምን አደርክ?» አለ በአማርኛ።

እሱባለው ደነገጠ። ጀናቡ በወጣትነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለውትድርና የሰለጠነ ሰው ስለሆነ አማርኛው የዚያ ዘመን አማርኛ ነው። ለእሱባለው ግን ያ ቃል ሌላ ነገር ነበር። ልጅ ሳለ አባቱን ሊወስዱ የመጡት ሰዎችም በሩን አንኳኩተው «ጓድ» ብለው ነበር የጠሩት።

«ደህና አደሩ፣ ጌታዬ» አለ።

ጀናቡ ሸራ ገለጠ። ከሥሩ ቀይ መኪና ወጣ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣራ የሌለው፣ ከሰው ወገብ የማይደርስ የእንግሊዝ ስሪት። የመኪናው ስም ከአፍንጫው ላይ ተነቅሎ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

«የአባቴ ነው» አለ ጀናቡ። «ካርቱም የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ አገሩ ከሚገባ እንግሊዛዊ ገዛው። ሁለት ጦርነት በማሽላ አገዳ ሥር ተደብቆ ነው ያለፈው። አንድ የኡጋንዳ መካኒክ ሰባት ወር ሠርቶ ሞተሩን አስነሳልኝ። ቅዳሜ ልጄ አቤኒ ታገባለች፤ በዚህ ነው ወደ ቸርች የምወስዳት። ሙሽራ ደግሞ ያለ ዘፈን አትሄድም።» ካርቶን አቀበለው። ውስጡ አዲስ ሬዲዮ ነበር።

«እሺ፣ ጀናቡ።»

«የወለሉን ምንጣፍ አየኸው? ትናንት ነው የተለጠፈው። ማንም እንዳይነካው።»

«እሺ፣ ጀናቡ።»

«ፓስፖርትህን ይዘሃል?»

እሱባለው ፓስፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። የመኖሪያ ፈቃዱ ካለፈ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ሲል ነው የቆየው፤ ቢሮ መግባት ያስፈራዋል። ጀናቡ ገጾቹን ገለጠ፣ አንዱ ገጽ ላይ ቆየ፣ ምንም ሳይል ዘጋውና የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ስትጨርስ ትወስዳለህ። ባለፈው ዓመት አንዱ የጄኔሬተሬን ግማሽ ፈትቶ ካምፓላ ገባ።»

አይቶት ይሆን? አላየው ይሆን? እሱባለው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከዚህ ጥያቄ አልወጣም። ያለ ፓስፖርት ድልድዩ ላይ ያለውን ኬላ ማለፍ አይችልም። ከተያዘ ፈቃዱ ማለፉ ይታወቃል፤ ከታወቀ ደግሞ አገሩ ሊመልሱት ይችላሉ። ኮንቴይነሯ፣ መሣሪያው፣ አሥራ አራት ዓመቱ ሁሉ አንድ ነጭ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

ጀናቡ ሄደ። ፒትያ ጥላ ሥር ወንበር ስቦ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«ሬዲዮው ካልዘፈነ አንተ ትዘፍናለህ» አለው። «ከሙሽራዋ አጠገብ ተቀምጠህ።»

እሱባለው ለመሳቅ ሞከረ።

ባትሪውን ፈለገው። ኮፈኑ ውስጥ የለም። የዚህ መኪና ባትሪ ከወንበሮቹ ኋላ፣ ወለሉ ሥር ነው ያለው። ወለሉ ላይ ደግሞ ያ ምንጣፍ ተለጥፏል። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ባትሪ ሳያይ ሥራ ሊጀምር ነው። ምንጣፉን ላንሳ ብሎ ለመጠየቅ ቢያስብም የጀናቡ «ማንም እንዳይነካው» ጆሮው ላይ ነበር።

እኔ ኤሌክትሪክ አላውቅም፤ እሱ እንዳስረዳኝ ነው የምጽፈው። በመኪና ውስጥ ከባትሪው አንዱ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። አካሉ ራሱ እንደ አንድ ትልቅ ሽቦ ያገለግላል ማለት ነው። ሙያተኞቹ ማሳ ይሉታል። እሱባለው እስከዚያ ቀን በነካቸው መኪናዎች ሁሉ ማሳው ኔጋቲቭ ነው። ጥቁሩን ሽቦ ከአካሉ፣ ቀዩን ከቁልፉ ማሰር ለእሱ ጫማ እንደማሰር ነው።

ሜትሩ ስለሌለ በመሞከሪያ አምፖሉ ሠራ። ከፍሬቻ የወጣች ትንሽ አምፖል ናት፤ ሁለት ሽቦ ተበይዶባታል። አንዱን ሽቦ ከአካሉ፣ ሌላውን ከቁልፉ ኋላ ካለው ሽቦ ሲያስነካት በራች። ኃይል አለ። አምፖል ግን የትኛው ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጋቲቭ እንደሆነ አይናገርም፤ በየትኛውም በኩል ቢያስሩት ይበራል። እሱባለው ይህን ያውቃል። አላሰበበትም እንጂ።

«በኢየሱስ ስም» አለና እንደለመደው የሬዲዮውን ጥቁር ሽቦ ከአካሉ፣ ቀዩን ከቁልፉ አስሮ አብርቶ አየ።

ጠቅ አለ። ሌላ ምንም የለም።

«ሱኑ ዴ?» አለ ፒትያ ቀና ብሎ። ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ምንም አይደለም።»

ከሬዲዮው ቀይ ሽቦ ላይ ያለችውን ፊውዝ አወጣት። ውስጧ ጠቁሯል። ሌላ አስገባ። እንደገና ጠቅ። በዚህኛው ጊዜ ትንሽ የሽቦ ሽታ መጣ። ሽታው ወደ ፒትያ እንዳይሄድ በባርኔጣው አራገበ፤ ወዲያው ደግሞ ማራገቡ ራሱ ሊያሳብቅብኝ ነው ብሎ ተወ። አዲስ ሬዲዮ፣ የአባት መኪና፣ የሙሽራ ቀን።

ፒትያ ተነስቶ መጣና ጠቁረው የወጡትን ሁለት ፊውዞች አያቸው። አልተቆጣም። የሲጋራ ፓኬቱን አውጥቶ ከውስጡ ብርማውን ወረቀት ቀደደለት።

«ጠምጥምበት። ግንባር እያለን መኪናውን ሁሉ እንዲህ ነበር የምናደርገው። ማፊ ሙሽኪላ።» ችግር የለውም ማለቱ ነው።

እሱባለው ወረቀቱን ተቀበለ። ፊውዟ ላይ አንድ ዙር ጠመጠመው። መንገድ ዳር የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ይህን ያደርጋሉ፤ ሲቸግራቸው። እንዲህ ከሆነ ፊውዙ አይቃጠልም። የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ ሙሽራዋ በምትቀመጥበት ወንበር ፊት ነው፤ ጉልበቷ ጋ፣ ነጭ ቀሚሷ ጋ። ይህንን ባሰበ ጊዜ እጁ ቆመ። ጠምጥሞ የነበረውን ፈታ።

«ፈራሁ» አለ።

«ምን ፈራህ?»

«ይህን ወረቀት። ወንድሜ፣ ባትሪውን ማየት አለብኝ። የምንጣፉን አንድ ጥግ ብቻ ላንሳ።»

«ጀናቡ ምን እንዳለ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

ፒትያ ወደ ቤቱ በር አየ፤ ወደ እሱባለው አየ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ። «እኔ የማየው ድንኳኑን ነው» አለ።

እሱባለው ጥጓን በቢላ ጫፍ ቀስ ብሎ አላቀቃት። ሙጫው ገና ስላልደረቀ ሳትቀደድ ተነሳች። ከሥሯ እንጨት አለ፤ ከእንጨቱ ሥር እጅ ብቻ የሚያስገባ ክፍተት። ማየት አይቻልም። እጁን እስከ ክንዱ ከተተና በጣቱ ፈለገ። ባትሪ ላይ ሁለት የእርሳስ ጉጦች አሉ፤ ፖዘቲቩ ወፈር፣ ኔጋቲቩ ቀጠን ይላል። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ጨለማ ውስጥም ቢሆን በጣት ይለያል። ቀጭኑን አገኘውና ገመዱን ተከተለ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ወፍራሙን አገኘው። ገመዱ አጭር ነው። አንድ ስንዝር ሄዶ ከአካሉ ጋር በቡሎን ታስሯል።

ተሳስቼ ነው ብሎ ደግሞ ዳሰሰ። ሦስት ጊዜ ዳሰሰ። ወፍራሙ ነው ከአካሉ የታሰረው። የዚህ መኪና ማሳ ፖዘቲቭ ነው።

ድሮ ትምህርት ቤት መምህራቸው አንድ ቀን፣ የጥንት የእንግሊዝ መኪኖች እንዲህ ነበሩ ብሎ ነግሯቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ይህ ነገር ከእውቀቱ ጓዳ ወጥቶ አያውቅም። ለአሥራ አራት ዓመት የለመደው እጁ ሬዲዮውን ገልብጦ አስሮታል። ፊውዞቹ ባይቃጠሉ ኖሮ ሬዲዮው ተቃጥሎ ነበር። ፈርቶ ምንጣፉን ባለመንካቱ ነው የተሳሳተው፤ ፈርቶ ወረቀቱን ባለመጠምጠሙ ነው የተረፈው። የቱን ፍርሃቱን ማመስገን እንዳለበት አላወቀም።

አሁን ሥራው ሌላ ሆነ። የሬዲዮው ቆርቆሮ የራሱ ማሳ ነው። ይህ ቆርቆሮ የመኪናውን አካል በአንዲት ነጥብ ከነካ እሳት ነው። ስለዚህ ሬዲዮው መኪናው ውስጥ ሆኖ መኪናውን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ላስቲክ ያስፈልጋል። ለእንድሪያስ ደወለ።

«አሰሩህ?» አለ እንድሪያስ ሄሎ እንኳን ሳይል።

«አልታሰርኩም። የቦዳቦዳ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ላክልኝ፣ አሮጌ ይሁን ግን ያልተበሳ።»

«እስር ቤት ውስጥ ላስቲክ ምን ያደርግልሃል?»

«አልታሰርኩም አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ ለምንድን ነው ድምፅህ የሚንቀጠቀጠው?»

«ድምፄ ሁሌም እንደዚህ ነው። በል ቶሎ፣ ወንድሜ፤ ቶንፒንግ፣ ድንኳን የተተከለበት ግቢ።»

ላስቲኩ ቦዳቦዳ በሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ መጣ። እሱባለው ቆራርጦ ሬዲዮውን በሁለት ድርብ እንደ ሕፃን ጠቀለለው። ቀዩን ሽቦ ከአካሉ አሰረ፤ ፊውዙን ወደ ጥቁሩ አዛውሮ ጥቁሩን ከቁልፉ። አንቴናውን አካሉን እንዳይነካ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ሬዲዮው ፊት ላይ ያለችውን የስልክ ገመድ መሰኪያ ቀዳዳ በጥቁር ናስትሮ ሸፈነ። ያ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ገመድ ሌላው ጫፉ ብረት ቢነካ ያው እሳት ነውና። ቦርሳው ውስጥ የቀሩት ፊውዞች ትንንሾቹ፣ ባለ አምስት አምፔሮቹ ብቻ ነበሩ። ደስ አለው። ትንሽ ፊውዝ ቶሎ ይቃጠላል፤ ቶሎ የሚቃጠል ፊውዝ ሰው አያቃጥልም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አበራው። መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ቀጥሎ የአንድ ጣቢያ ዘፈን መጣ። ፒትያ ከወንበሩ ተነስቶ ትከሻውን አንድ ጊዜ ሰበቀ። «ከላስ!» አለ። «አለቀ፣ ሀበሻ!»

ጀናቡ ግን ከግቢው ወጥቶ ነበር። ፓስፖርቱም አብሮት። ነገ ጠዋት ና ተባለ። ኬላውን እንዲያልፍ በዚያን ቀንም በቀጣዮቹም ቀናት ያመላለሰው ፒትያ ራሱ ነው።

የኔነሽ የሆነውን ሁሉ ሰማችና እራቱን አቅርባ አጠገቡ ተቀመጠች። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ለጀናቡ ምን ልበለው?

«ምንም አትበለው» አለች። «ይሠራል አይደል? ፓስፖርትህን ተቀብለህ ና።»

«አንድ ሰው ሳያውቅ የስልክ ገመድ ቢሰካበትስ? ወይ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ላስቲኩን አይቶ ይህ ምን ቆሻሻ ነው ብሎ ቢያወጣው?»

«የዚያን ጊዜ ጥፋቱ የሌላው ሰው ነው።»

«እሳቱ ግን የልጅቷ ነው።»

የኔነሽ፣ «ሁለት ፊውዝ አቃጠልኩ፣ ምንጣፍህን አነሳሁ ብለህ ለእንደዚያ ያለ ሰው ልትናገር ነው?» አለች። «አንተ? የቀበሌ ዘበኛ እንኳን ስታይ መንገድ የምትቀይረው?»

ሲነጋ አብረው ጸለዩ። እሷም ሰማያዊዋን፣ ኪሷ ቁልፍ ያላትን ሸሚዙን አወጣችለት።

ዓርብ ጠዋት ጀናቡ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ከፍቶ አየው። ፈገግ አለ። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና የፓስፖርቱን ጫፍ ብቅ አደረገው።

እሱባለው የፓስፖርቱን ጫፍ አየ። እጁን ዘርግቶ ተቀብሎ መሄድ ብቻ ነው የቀረው።

«ጀናቡ፣ አንድ ነገር አለ» አለ።

ሁሉንም ተናገረ። መኪናው ከዛሬ መኪኖች ተቃራኒ መሆኑን፣ ሳያውቅ ገልብጦ አስሮ ሁለት ፊውዝ ማቃጠሉን፣ የምንጣፉን ጥግ ማንሳቱን። ከሬዲዮውም ሆነ ከሬዲዮው ከሚወጣ ገመድ ምንም ብረት አካሉን መንካት እንደሌለበት፣ ናስትሮው እንዳይነሳ። ፒትያ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ አማርኛ ባይሰማም እሱባለው ወደ ፊውዞቹ ሲጠቁም ፊቱ ሲለዋወጥ ታየ። ስለ ሲጋራው ወረቀት ግን እሱባለው አንድ ቃል አልተናገረም።

ድንኳኑ ላይ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ምንጣፉን አነሳኸው?»

«አዎ፣ ጀናቡ።»

«እንዳይነካ ብዬህ።»

«አዎ፣ ጀናቡ።»

ጀናቡ ጎንበስ ብሎ ጥጓን ፈለገ። አላገኛትም፤ እሱባለው መልሶ አጣብቋታል። ቀና አለ። የፓስፖርቱን ጫፍ በአውራ ጣቱ ወደ ኪሱ መልሶ ገፋው።

«ይህን ነገር ካንተ ሌላ የሚያውቅ ሰው ጁባ ውስጥ አለ?»

«አላውቅም፣ ጀናቡ።»

«እንግዲያው ነገ አብረኸን ትሄዳለህ። ፒክአፑ ላይ፣ ከኋላዬ። ልጄ በሰላም ቸርች ስትገባ ፓስፖርትህን ትወስዳለህ። ባትገባ...» አልጨረሰውም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሠርገኛው ከግቢው ወጣ። ቀይዋን መኪና ጀናቡ ራሱ ይነዳል፤ አቤኒ አጠገቡ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። ከኋላቸው ፒክአፑ፣ ከዚያ ጥሩንባ የሚነፉ ብዙ መኪኖች። እሱባለው ፒክአፑ ጀርባ ላይ ከፒትያ ጎን ቆሞ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጧል። በግራ ኪሱ አራት ፊውዝ፣ በቀኝ ኪሱ ፒንሳና ናስትሮ። ዓይኑ ከቀይዋ መኪና አይነቀልም። ጭስ ይፈልጋል። አቧራ በተነሳ ቁጥር ጭስ ይመስለዋል። ዘፈኑ እስከ ኋላ ይሰማ ስለነበር ዘፈኑን በጆሮው እንደያዘ ሄደ። ዘፈኑ እስካለ ድረስ ልጅቷም ደህና ናት፤ እሱም ሰው ነው።

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አጠገብ ሲደርሱ መንገዱ ጠበበ። ሸክም ያዘሉ ሰዎች፣ ቦዳቦዳዎች፣ እልል የሚሉ ነጋዴ ሴቶች። ቀይዋ መኪና ጉድጓድ ገብታ ወጣች።

ዘፈኑ ቆመ።

መኪናዋም ቆመች። ጀናቡ ሳይዞር ክንዱን ወደ ላይ አነሳ።

«ሩዋ! ሩዋ!» አለ ፒትያ ትከሻውን ገፍቶ፤ ሂድ ማለቱ ነው። እሱባለው ዘሎ ወርዶ ሮጠ። ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ በሠርግ መካከል የሚሮጥ ሰው ምን ሊያደርግ ነው ብለው ይመስለኛል። በሙሽራዋ በኩል ተንበረከከና «ይቅርታ፣ እህቴ» ብሎ እጁን ከሬዲዮው ሥር ሰደደ። መጀመሪያ ሽቦውን ነካ።

ቀዝቃዛ ነው።

ሽታ የለም፤ ጭስ የለም። ፊውዟ ብቻ ጠቁራለች። ቀና ሲል አየው፤ ናስትሮው ተነስቷል፤ ከቀዳዳው ነጭ የስልክ ገመድ ተንጠልጥሏል። የገመዱ ብረት ጫፍ የማርሹን ዘንግ ነክቶ ቆሟል። ሙሽራዋ የራሷን ዘፈን ልታስገባ ሰክታው፣ መኪናው ሲዘል ስልኩ ወልቆ ገመዱ ቀርቷል። ጥፍሯ ላይ የናስትሮው ሙጫ አሁንም ነበር።

እሱባለው ገመዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀረ። አባቷ ፊት፣ በሠርጓ ቀን፣ ጥፋቱ የልጅዎ ነው ሊል ነው? እኔ ነኝ ቢል ደግሞ ጀናቡ ኪስ ውስጥ ያለው ፓስፖርት ወዴት ይሄዳል?

«እኔ ነኝ፣ ባባ» አለች አቤኒ ድንገት። «እኔ ነኝ የሰካሁት። የሬዲዮው ዘፈን የሽማግሌ ዘፈን ሆነብኝ።»

ጀናቡ ገመዱን አየ፤ ናስትሮውን አየ፤ ልጁን አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። እሱባለው የመኮንን ላብ እንዲህ ከቅርብ አይቶ አያውቅም።

«እሳት ነበር ማለት ነው?» አለ ጀናቡ በአማርኛ፣ በቀስታ።

«ፊውዟ ትንሽ ስለሆነች ምንም አልሆነም፣ ጀናቡ።»

አዲስ ፊውዝ አስገባ። ገመዱን ነቅሎ ለሙሽራዋ ሰጣት፤ ቀዳዳውን በሦስት ድርብ ናስትሮ ዘጋው። ዘፈኑ ተመለሰ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። ወደ ፒክአፑ ተመለሰ። ፒትያ እጁን ይዞ ጎትቶ አወጣውና መንገድ ሲጀምሩ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ።

«በሲጋራው ወረቀት ቢሆን ኖሮስ?»

እሱባለው ፊት ለፊት በነፋስ የሚውለበለበውን ነጭ ቀሚስ አየ። ፒትያም ቸርች እስኪደርሱ ሲጋራ አውጥቶ ሳይለኩስ በጣቱ ሲያዞረው ነበር።

ቸርቹ በር ላይ አቤኒ ወርዳ በእናቷና በአክስቶቿ ተከባ ገባች። ጀናቡ መኪናውን አጥፍቶ እሱባለውን በዓይኑ ጠራው። ፓስፖርቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። በላብ ርሶ ጥጉ ታጥፏል። ሊሰጠው ሲል ቆመና ገለጠው፤ ሐሙስ የቆየበት ገጽ ላይ ሄደ።

«አልፏል» አለ።

እሱባለው፣ «አዎ፣ ጀናቡ» አለ።

«ሐሙስም አይቼዋለሁ።»

«አዎ፣ ጀናቡ።»

«ሰኞ ሄደህ አሳድስ። ስትሄድ አትንቀጥቀጥ፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲያዩ ይጠረጥራሉ።» ፓስፖርቱን ሰጠው። ከዚያ የሠርግ ሰው ከበበው።

እሱባለው ከአጥሩ ውጭ ወጣ። ፓስፖርቱን ሰማያዊው ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሊከት ሞከረ። አንዴ የኪሱን አፍ ሳተው፤ ሁለተኛም ሳተው። ከኋላው የቡት ጫማ ድምፅ ሰማ። ፒትያ ነው። እጁን ዘርግቶ፣ «ጂብ» አለው፤ ስጠኝ ማለቱ ነው።

አገሩ፣ ኮንቴይነሯ፣ የኔነሽ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዓይኑ ላይ መጡ። እምቢ ማለት አልቻለም። ሰጠው።

ፒትያ የታጠፈውን ጥግ በአውራ ጣቱ አቃናው። ከዚያ ፓስፖርቱን እሱባለው ኪስ ውስጥ ራሱ ከቶ ቁልፏን ቆለፈለትና ደረቱን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

«ሩዋ» አለ። «ሂድ ወደ ቤትህ፣ ሀበሻ።»

እሱባለው ቦዳቦዳ አልያዘም። እጁን ኪሱ ላይ እንደጫነ በእግሩ ሄደ፤ ድልድዩ እስኪታየው ድረስ እጁን አላነሳም።